ዝናብ ሲመጣ የምትጠፋው አረንጓዴ መብራት

ስታሪ ብሮድ፤ ኦክቶበር 19፣ የሪላው ቅዱስ ኢቫን ዕለት

ለወንድሜ ልጅ ለካሊና፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእግዚአብሔር ሰላም ካለሽበት ቤት ገብቶ ይሰንብት እላለሁ። እኔ በእሱ ቸርነት አለሁ። ወይኑን ለቅመን ጨርሰናል፤ በርሜሉ ውስጥ እየፈላ ነው። ጎረቤታችን ቶታም ደህና ናት፤ ምላሷም ከእሷ ጋር ደህና ነው።

በስልክ ፈንታ ወረቀት ሲደርስሽ መደንገጥሽ አይቀርም። ሰው አልሞተም፤ የሞተው መስመሩ ነው። በዚህ ሸለቆ የእጅ ስልክ ማለት ድንጋይ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የቤቱ ስልክ፣ ቴሌቪዥኑና ኢንተርኔቱ ደግሞ ሁሉም የሚመጡት በአንድ ገመድ ነው፤ የታመመውም እሱ ነው። ባለፈው እሑድ ስናወራ «አጎቴ፣ እኔ እኮ...» ብለሽ ቀረሽ። እኔም እጀታውን ጆሮዬ ላይ ይዤ እንደ ሐውልት ቆምኩ። ቶታ ቤት የድሮው ዓይነት ስልክ አለ፤ ግን እሷ ፊት የተነገረ ነገር ከቤተ ክርስቲያን ደወል ቀድሞ መንደሩን ያዳርሳል። ወረቀት መሃል ላይ አይቆረጥም ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአክስትሽ ከሴቭዳ ቀብር በኋላ ልቤ አስቸግሮኝ፣ ከአንገቴ አጥንት በታች ያችን ትንሽ የልብ ማስተካከያ እንደከተቱልኝ ሰምተሻል። ከእሷ ጋር አንዲት ነጭ ሣጥን ሰጥተውኛል፤ አልጋዬ አጠገብ ትቀመጣለች። ልቤ የሚያደርገውን ሁሉ ትሰማና በኢንተርኔቱ በኩል ለከተማው ሆስፒታል ትነግራለች። ልቤ ከመንገድ ከወጣ እነሱ አይተው ለቶታ ይደውላሉ፤ ቶታ ሮጣ ትመጣለች። የተቀመጠልኝ ዘብ ይኸው ነው። መስመሩ ሲኖር ሣጥኗ አረንጓዴ ታበራለች፤ ሲጠፋ ቀይ።

ከዚህ ወር መግቢያ ጀምሮ ትቀላለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትቀላለች። የስልክ ድርጅቱን ሰው ጠራሁ። ራንጌል ይባላል፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። መሣሪያውን ሰክቶ አየና፦

«አባባ፣ መስመርዎ እንደ ሙሽራ ነው፤ እንከን የለውም» አለኝ።

«ትናንት ሞቶ ነበር እኮ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ አለ።»

«እንግዲያው ትንሣኤ ነው፤ እኔን ሳይሆን ቄሱን ይጥሩ።» ሣቀና ሞደሙን አጥፍቶ አብርቶ ሄደ። ያን ዕለት የጠራ ፀሐይ ነበረ።

ካሊና፣ በእግዚአብሔር የማምን ሰው ነኝ፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ሣጥኗ ስትቀላ ግን ጸሎት ጀምሬ ዓይኔ ወደ እሷ ይሸሻል። ሥዕለ አድኅኖ ፊት ቆሞ አምፖል የሚጠብቅ ሰው ምን ዓይነት አማኝ ነው?

አንቺ እዚያ በሰው አገር ሳራጎሳ እንጀራሽ ይኸው ነው፤ መስመር የጠፋበትን ሁሉ በስልክ ስታስተናግጂ ትውያለሽ። ለባዕድ የምትይውን ለእኔም በይኝ።

አጎትሽ ቬሊችኮ


ሳራጎሳ፤ ኖቬምበር 2

ለውድ አጎቴ ለቬሊችኮ፤

እመ አምላክ በጥላዋ ትያዝዎ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ ከወንበሩ ጋር ሊጋባ ምንም አልቀረው። ደብዳቤዎን ምሳ ሰዓት ላይ አነበብኩት፤ ሳንድዊቹም እጄ ላይ ቀረ። የሥራ ባልደረባዬ «ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። «መስመር» አልኳት።

አሁን ለደንበኞች የምለውን ልበልዎ፤ እንዳይቆጡኝ። ሞደሙ ሶኬት ላይ በደንብ ተሰክቷል? አይሣቁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ እስኪበቃቸው ከሰደቡኝ በኋላ ሶኬቱን ድመታቸው ነቅላው ተገኘች። ሁለተኛ፣ ከሞደሙ ጀርባ የገመዱ ጫፍ እንደ ብሎን የሚጠብቅ ነው፤ በጣትዎ ያጥብቁት፤ በጉጠት እንዳይነኩት። ሦስተኛ፣ ገመዱን ለቴሌቪዥንና ለሞደም የምትከፍል አንዲት ትንሽ ብረት ትኖራለች። እሷን ያውጡና ገመዱን ቀጥታ ሞደሙ ላይ ያስሩት። ቴሌቪዥኑ ለጊዜው ይረፍ።

ከሁሉ በላይ ግን መቼ እንደሚጠፋ ይዩልኝ። ሰዓቱን አይደለም፤ ሰማዩን። እዚህ ሰው ሁሉ «ዝም ብሎ ይጠፋል» ይለኛል። ዝም ብሎ የሚጠፋ ነገር የለም።

ከፈለጉ ሞደም ገዝቼ እልካለሁ። በማርቹ የአክስቴ ቀብር ጊዜ ስላልመጣሁበት ነገር... እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ካሊናዎ


ስታሪ ብሮድ፤ ኖቬምበር 21፣ እመቤታችን ቤተ መቅደስ የገባችበት ዕለት

ለምወድሽ ለካሊና፤

በረከቷ አንቺ ካለሽበት አገር ይድረስ። ቤተሰብ ሁሉ የሚሰበሰብበት በዓል ነውና ብቻዬን ባልሆን ብዬ ይኸው ወረቀቱን ዘረጋሁ።

ያልሽውን ሁሉ አደረግሁ። ሶኬቱ ደህና ነው፤ ድመትም የለኝ። ብሎኑን በጣቴ አጠበቅሁ። ያችን ከፋፋይ ብረት አወጣሁ፤ ቴሌቪዥኑ ዝም አለ። የቱርኩን ድራማ ልታይ የለመደችው ቶታ ገብታ ጨለማውን መስታወት ስታይ፦

«ቬሊችኮ፣ ልብህን ልታድን ብለህ የእኔን ልትሰብር ነው?» አለችኝ። «ልጅቷ ዛሬ ልትዳር ነበር እኮ!»

ሣጥኗ ግን አሁንም ትቀላለች። ሰማዩን እይ ስላልሽኝ አየሁ። ዝናብ ከወንዙ በኩል፣ ነፋስ ታቅፎ ሲመጣ ትጠፋለች። ከተራራው በኩል የሚመጣው ዝናብ ምንም አያደርጋት። በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ ግድግዳው ሲሞቅ፣ ወደ ቀትር ግድም አረንጓዴዋ ትመለሳለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ይህን ለቶታ ብነግራት ምን አለችኝ መሰለሽ? «ሴቭዳ ናታ! እሷ ናት ገመዱን የምትጎትተው። ባሏን ብቻውን መተው መቼ ትወድ ነበር?» ብላ ከት ከት ብላ ሣቀች። እኔ አልሣቅሁም። የመጀመሪያው ቀይ መብራት የታየው የስድስት ወሯን ተዝካር አውጥተን፣ የተቀቀለውን ስንዴ መቃብሯ ላይ አድለን በተመለስን በሳምንቱ ነበር። ቶታ አታውቅም፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ብትጠራኝ ምን እንደምላት አላውቅም። ሴቭዳን እወዳታለሁ፤ በየጸሎቴ «አገናኘኝ» እላለሁ። ሣጥኗ ስትቀላ ግን «ዛሬ አይሁን» እላለሁ። ሁለቱ ጸሎት እንዴት ካንድ አፍ ይወጣል?

ሞደሙን ላኪልኝ። ችግሩ ሞደም ቢሆን ደስ ይለኛል።

አጎትሽ ቬሊችኮ


ሳራጎሳ፤ ዲሴምበር 3

ለውድ አጎቴ፤

ቅዱስ ኒኮላ ከክፉ ነገር ይጠብቅዎ፤ የበዓሉን ዓሣ አጥንቱን እየለቀሙ ይብሉ።

ሞደም አልልክም። ሞደም ዝናብ አያውቅም፤ ከወንዝና ከተራራ የሚመጣውንም ለይቶ አያውቅም። የላኩልኝ ነገር ወርቅ ነው፦ ከወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ ሲመታ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። አጎቴ፣ ገመዱ ውስጥ ውሃ እየገባ ነው። ገመዱ መሃሉ ላይ አንዲት የመዳብ ሽቦ፣ በእሷ ዙሪያ ነጭ ስፖንጅ መሳይ ነገር፣ ከላይ ጥቁር ቆዳ አለው። ቆዳው አንድ ቦታ ከተቀደደ ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ድምፁ ይታፈናል። ራንጌል የመጣው በፀሐይ ስለሆነ ሊያገኘው አይችልም ነበር፤ ጤነኛ ገመድ ነው ያየው።

ስለዚህ ይህን ያድርጉልኝ። ፀጥ ባለ ቀን ከግቢው ምሰሶ ተነሥተው እስከ ሞደሙ ድረስ ገመዱን በእጅዎ ይከተሉት። ዓይን ያታልላል፤ እጅ ይሻላል። ከፍ ያለው ቦታ ላይ መሰላል እንዳይወጡ፤ እዚያ በዓይን ይበቃል። እጅዎ ያገኘውን ሁሉ ይጻፉልኝ።

የእማማ ቶታን ነገር ይተዉት። ሙታን ገመድ አይጎትቱም። አክስቴ ሴቭዳ ደግሞ የሚፈልጉትን ነገር ፊት ለፊት የሚናገሩ ሴት ነበሩ። ቢጠሩዎ ኖሮ መንደሩ በሙሉ ይሰማ ነበር።

ካሊናዎ


ስታሪ ብሮድ፤ ዲሴምበር 20፣ የቅዱስ ኢግናቲ ዕለት

ለካሊና ልጄ፤

የልደቱ ብርሃን ቤትሽን ይሙላልሽ። ስለ ጤናዬ ወደ ኋላ እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ያዘዝሽኝን።

ገመዱን ተከተልኩት። ከምሰሶው ላይ በዓይኔ አየሁት፤ በዋልነቱ ዛፍ ቅርንጫፍ በኩል ያልፋል፣ አይነካካም። ከጣሪያው ሥር ያለው መንጠቆ ዝጓል፤ ግን ገመዱን ይዞታል። ግድግዳውን ይዞ ሲወርድ በእጄ ያዝኩት፤ ስድስተኛው ማሠሪያ ላልቷል፣ አንድ ቦታ የሸረሪት ድር፣ አንድ ቦታ የተርብ ቤት፤ ቆዳው ግን ደህና ነው። ከዚያ በበሩ በኩል ወርዶ ይገባል። ከውስጥ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ነው፤ እሱንም በእጄ ሄድኩበት፤ ለስላሳ ነው። ያገኘሁት ይኸው ነው።

አሁን ሌላው። የቅዱስ ኒኮላ በዓል ከመግባቱ በፊት፣ ዝናቡ ከወንዙ በኩል እየመጣ ሳለ፣ ማገዶ ላመጣ ወጣሁ። ጉልበቴ ከዳኝ እንጂ ሌላ የማስታውሰው የለም። ስነቃ ጉንጬ ጭቃ ላይ ነው፤ ዝናቡ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ተጣርቼ ነበር መሰለኝ፤ ማን ይሰማል? በገዛ እጄና እግሬ እየዳህኩ ገባሁ። ሣጥኗ አልጋዬ አጠገብ ቀይ ናት። ያየችውን ይዛ ዝም ብላለች፤ የምትነግርበት መንገድ የላትም።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ፤ መስመሩ ተመለሰ። ይኼኔ ነው ሆስፒታሉ ለቶታ የደወለው። ቶታ ፊቷ አመድ መስሎ፣ መሃረቧን እንኳ ሳታስር በሩን በርግዳ ገባች።

«አለህ?»

«አለሁ።»

«ነርሷ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹የትናንቱ ሰውዬ በሕይወት አለ ወይ?› አለችኝ! እኔ አሁን በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ይባልልኛል? ትሞት እንደሆን ንገረኝና ልቀመጥ!» ብላ ወንበሩ ላይ ወደቀች፤ አለቀሰችም።

የትናንቱን ዛሬ ሰሙ፤ ነገሩ ይህ ነው። ከበዓሉ በኋላ ና ብለውኛል፤ የልቤን ማሽን ያስተካክሏታል። እኔ የምፈራው ማሽኗን አይደለም። ዝናቡን ነው። ሰማዩ ከወንዙ በኩል ሲጠቁር ሕፃን ልጅ መብረቅ እንደሚፈራ እፈራለሁ።

አጎትሽ ቬሊችኮ


ሳራጎሳ፤ ጃንዋሪ 5

አጎቴ!

አንተ ሰውዬ ምን ነክቶሃል? በዝናብ ለማገዶ ትወጣለህ? ወድቀህ ስታበቃ ደግሞ የተርብ ቤት ነው አስቀድመህ የምትጽፍልኝ? ይቅርታ፤ እርስዎ። ሰላምታ ሳልጽፍ መጀመሬንም አሁን ገና አየሁት። እግዚአብሔር ስላኖረዎ ይመስገን።

ወደዚህ ይምጡ። አንድ ክፍል አለኝ፤ መስኮቱ ፀሐይ ያገኛል፤ እዚህ ዝናብ በዓመት ስንት ጊዜ ነው? አይመጡም፤ አውቃለሁ። ስለዚህ ወደ ገመዱ።

ደብዳቤዎን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ምሰሶውን አዩ፣ መንጠቆውን አዩ፣ ግድግዳውን በእጅ ሄዱበት፣ የተርብ ቤት እንኳ አልቀረዎትም። ቁም ሣጥኑ ጋም በእጅ ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን «በበሩ በኩል ወርዶ ይገባል» ብለው አለፉት። እዚያ እጅዎ የለችም። የወንዙን ነፋስ ፊት ለፊት የሚቀበለው ደግሞ በሩ ነው።

በሩ ላይ ምን አለ? ሳይነኩት ያለፉት ለምንድን ነው?

አጎቴ፣ እዚህ ሲያሠለጥኑን ገመድ የሚበላ አይጥ፣ የአትክልተኛ መቀስ፣ የሰፈር ውሻ፣ ሁሉን አስተምረውናል። ስለ ሙታን ያስተማረን የለም፤ ምክንያቱም በዚህ አገር ሰው ሲሞት ፎቶውና ስሙ ያለበትን የሙት ወረቀት ቤቱ ደጃፍ ላይ አይቸነክሩም። እኛ ግን እንቸነክራለን። አክስቴ ሴቭዳ አሁንም በሩ ላይ ናቸው? የተለጠፉት በምንድን ነው? በሙጫ ነው ወይስ በምስማር?

መልስዎን በቶሎ።

ካሊናዎ


ሳራጎሳ፤ ፌብሩዋሪ 2

ለውድ አጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መልስ አልመጣም። እማማ ቶታ ጋ ደወልኩ። «ሆስፒታል ገብቶ ወጥቷል፣ ይበላል፣ ይጸልያል፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይውላል፤ ብናገረው አይመልስልኝም። በረዶ ለብሶ የቆመ ሰው አይቼ ፈራሁ» አሉኝ።

አስቀይሜዎት ከሆነ ይንገሩኝ። ዝም አይበሉኝ። እኔም እንደ ሣጥኗ ሆኛለሁ፤ ያየሁትን ይዤ ቀይ እያበራሁ ነው።

ካሊና


ስታሪ ብሮድ፤ ፌብሩዋሪ 15፣ ከቅዱስ ትሪፎን ወይን ቆረጣ ማግስት

ለካሊና ልጄ፤

ቅዱስ ትሪፎን ያንቺንም ቡቃያ ይባርክ። አላስቀየምሽኝም። ያነበብሽው ልክ ነው፤ ስለዚህ ነው የዘገየሁት።

በምስማር ነው።

ወረቀቷን መጀመሪያ በቀብሯ ዕለት፣ ቀጥሎ በአርባዋ ለጥፌ ነበር፤ በሙጫ። ነፋሱ የአርባዋን ወረቀት ቀዶ ከቶታ ዶሮዎች መሃል ጣላት። ሴቭዳን ከዶሮ እግር ሥር ለቀምኳት። ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ አልጽፍልሽም። ለስድስት ወሯ ጊዜ ወረቀቷን በፕላስቲክ አሳሸግሁና አራት ረጃጅም ምስማር ገዛሁ። የበራችን ላይኛው ግማሽ መስታወት ነው፤ ስለዚህ ሰፊው የእንጨት መቃን ላይ ቸነከርኳት። «ከእንግዲህ የትም አትሄጂም» አልኳት፤ እየመታሁ።

ገመዱ በዚያ መቃን ላይ ነው የሚወርደው። የረሳሁት ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ገመዱ የተዘረጋ ጊዜ ሴቭዳ «ይሄ ጥቁር እባብ ደጄ ላይ አይታየኝ!» ብላ ብሩሽ አነሣች፤ መቃኑንም ገመዱንም በአንድ ቡናማ ቀለም ቀባቻቸው፤ ደጋግማ፣ አንድ እስኪሆኑ። የቀባችው እሷ ናት፤ የወጋሁት እኔ ነኝ።

ደብዳቤሽ ከመጣ ወዲህ በየቀኑ እዚያ እቆማለሁ። ወረቀቱ ላይ ትሥቃለች፤ የእህቷ ልጅ ሠርግ ላይ የተነሣችው ፎቶ ነው። የሙት ወረቀት በሰው እጅ አይወርድም፤ ዝናብና ፀሐይ ናቸው የሚያወርዱት፤ እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው። ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ብነቅላት ሁለተኛ የቀበርኳት ይመስለኛል። ባልነቅላት ደግሞ ዝናብ በመጣ ቁጥር...

ትናንት ቄስ ኤቭስታቲ ወይኑን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ጠየቅኋቸው። መቁረጫውን ይዤ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ «አባ፣ ከዓመቷ በፊት ባነሣት ኃጢአት ይሆንብኛል?» አልኳቸው።

«ስንት መንደር እንደማገለግል ታውቃለህ?» አሉኝ። «ደጃፍ ለደጃፍ ስዞር ከሕዝቤ ግማሹ ወረቀት ነው። ሰላም የምለው ወረቀቱን ነው፤ ከውስጥ የሚመልስልኝ የለም። ንቀለው፣ ቬሊችኮ! አንድ የሚመልስልኝ ሰው ልጣ?»

ወይናቸውን ጠጥተው ሄዱ። እኔ ግን እስከ ዓመቷ ድረስ ይቆይ ብያለሁ። ትንሽ ነው የቀረው። ዝናቡንም እግዚአብሔር ይይዘዋል ብዬ አስባለሁ። ይህን ስጽፍ ግን ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። አየሽ፣ እምነቴ እዚህ ድረስ ነው።

አጎትሽ ቬሊችኮ


ሳራጎሳ፤ ፌብሩዋሪ 26

ለውድ አጎቴ፤

እግዚአብሔር ያበርታዎ። ያን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ ያልኩትን አሁን እጽፋለሁ።

አክስቴ የሞቱ ዕለት ሥራ አልለቀቁኝም አልኩ። ለቀውኝ ነበር። ሻንጣዬንም አዘጋጅቼ ነበር። እማማ ቶታ የአክስቴን ወረቀት ፎቶ አንስተው በልጃቸው በኩል ላኩልኝ። በሩ፣ መስታወቱ፣ አጠገቡ ሥዕላቸው። ያን በር በሕይወቴ ሁሉ የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው፤ እጃቸው ዱቄት እንደነካው፣ «ጫማሽን!» እያሉ እየጮሁ። ወረቀቱን አልፌ መግባት አልቻልኩም። ሻንጣዬን ፈታሁት። ፍርሃት በእርስዎ አልተጀመረም፤ በዘር ነው።

አሁን ግን ለዓመታቸው እመጣለሁ። ትኬት ቆርጫለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገንዘብም ወይንም አይደለም። ያ በር ላይ ስደርስ ሁለት ወረቀት እንዳላገኝ።

ካሊናዎ


ስታሪ ብሮድ፤ ማርች 12

ለልጄ ለካሊና፤

መንገድሽን መልአኩ ይጥረግልሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሰማዩ ከወንዙ በኩል በጠቆረበት ጠዋት ነው። የመጨረሻዋን መስመር አንብቤ ቁጭ አልኩ። ዝናቡ መስታወቱን መታው። ወደ መኝታ ቤት ገብቼ ሣጥኗን አየኋት፤ ቀልታለች።

ጉጠቱን አነሣሁ።

«ሴቭዳ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ሦስቱ ምስማሮች ደርቀው ወጡ። አራተኛው፣ በስተግራ ከግርጌ ያለው፣ እምቢ አለ። ሲወጣ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር፤ ተከትሎትም ከቀዳዳው ውሃ ወረደ። ወረቀቷን ደረቴ ላይ ይዤ ደጃፍ ላይ ዝናብ እየመታኝ ቆምኩ። ቶታ ከአጥሩ ማዶ «ግባ አንተ! አሁንስ እኔ ነኝ የምገድልህ!» ስትል ነው የገባሁት።

ራንጌል በዚያው ዝናብ መጣ፤ ቶታ ደውላ ምን እንዳለችው ባላውቅም እየሮጠ ነው የመጣው። ቀለሙን ፍቆ ገመዱን ቆረጠና ሽቦውን አሳየኝ። መዳቡ እንደ ሻጋታ አረንጓዴ ሆኗል።

«አባባ፣ ይሄ እኮ እስከ አጥንቱ ነው የተወጋው። ማነው የመታው?»

«እኔ።»

ሊሥቅ ከንፈሩን ሲያላቅቅ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ወረቀት አየ፤ አራት ማዕዘኗ ላይ አራት ቀዳዳ። ባርኔጣውን አወለቀ። የተበላሸውን ገመድ አውጥቶ አዲስ ዘረጋ፤ በመቃኑ በኩል ሳይሆን በግድግዳው ዞሮ፤ መቀጠያውንም ውሃ በማይገባው ጎማ ጠቀለለው። ሲሄድ «የእናቴም በምስማር ነው» አለኝ፤ «ቤት ስደርስ አየዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘንቧል፤ ከወንዙም ከተራራውም። መብራቷ አረንጓዴ ናት። የመጀመሪያው ዝናብ ዕለት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እስኪያባራ ድረስ አየኋት፤ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ካሊና፣ ለአንቺ እንጂ ለሌላ ሰው ይህን አልናገርም፦ አለቀስኩ። ለካ ሴቭዳ አልነበረችም። ያን ሁሉ ጊዜ ትወስደኛለች ብዬ ስፈራ፣ ለካ እየጠበቅኋትም ነበር። ምስማር ነበር፤ የገዛ ምስማሬ። አሁን ዝናቡ ዝናብ ብቻ ነው፤ ቤቱም ዝም ያለ ነው። ፍርሃቴ አልሄደም፤ ግን ስሙን አውቄዋለሁ፤ ስሙን የሚያውቁት ነገር ደግሞ በጸሎት ይጠራል።

ወረቀቷን አልጣልኩም። ከግርጌዋ ቀጭን እንጨት አሥሬላት፣ ከደጃፉ መብራት ላይ በሲባጎ አንጠልጥያታለሁ፤ ዓመቷ ደርሶ አብረን እስክናወርዳት። ምንም አትወጋም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ግን እንጨቷ መስታወቱን ትመታለች፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፤ እንደ ሰው። መጀመሪያ ሲመታ ደንግጬ ከወንበሬ ተነሣሁ። ቶታ «ለነፋስ በር የሚከፍት ሽማግሌ ዘንድሮ አየሁ» ትላለች።

ትናንት ስልኩ ጮኸ፤ መሃል ላይም አልተቋረጠም። የሆስፒታሏ ነርስ ናት።

«አቶ ቬሊችኮ፣ ሣጥንዎ በደንብ እየነገረችን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። አልፎ አልፎ ከሰዓት በኋላ ልብዎ በድንገት ይዘላል፤ ከዚያ ይረጋጋል። ያኔ ምን እየሠሩ ነው?»

«በር እየከፈትኩ ነው» አልኳት።

አጎትሽ ቬሊችኮ